ትንፋሼን የደበቅኩባቸው ቀናት

የካቲት 3፣ ሰኞ

የሆስፒታሉ ሊፍት እንደገና ቆመ። በዚህ ወር ሦስተኛ ጊዜው ነው። በሩ አራተኛ ፎቅ ላይ ተከፍቶ አልዘጋም አለ። ከወፍጮ ጋር ልንጠግነው ሄድን። ወፍጮ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ አፉ ስለማያርፍ ያወጣንለት ስም ነው። ብልሽቱ ቀላል ሆኖ ተገኘ። በሩ የሚሄድበት ቦይ ውስጥ የመርፌ ክዳን ተወሽቋል። ለዚች ብጣሽ ፕላስቲክ ግማሽ ቀን ሙሉ በሽተኛ በደረጃ ሲጎተት ዋለ።

ለሙከራ ስንወጣ ስንወርድ ሰው ተጋፍቶ ገባብን። አጠገቤ አንዲት እናት ልጅ አቅፋለች። ልጁ ዓይኑ ቀልቷል፣ አፍንጫው ይፈሳል። አንገቴ ላይ ሳለብኝ። "ይቅርታ ወንድሜ" አለችኝ። ምንም አይደል አልኳት።

አራተኛ ፎቅ የባለቤቴ ክፍል ነው። ነርስ ናት። እግረ መንገዴን ሰላም ልበላት ብዬ ወጣሁ። በሩ መስታወት አለው... ከአዲሱ ዶክተር ጋር ቆማለች። ረጅም ነው። ከልክ በላይ ረጅም። ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር አላት፣ ሳቀች። አፏን በእጇ ሳትሸፍን ነው የሳቀችው። እቤት እንደዚያ የሳቀችው መቼ ነበር?

ሳልገባ ተመለስኩ።

"ሰላም አልካት?" አለኝ ወፍጮ።

"ሥራ ይዛለች" አልኩት።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

እራት እየበላን "ዶክተሩ እንዲህ አለ" አለች።

አለ!... ባለፈው ወር እኮ "አሉ" ነበር። ዶክተሩ እንዲህ አሉ፣ ዶክተሩ መጡ፣ ዶክተሩ ሄዱ። አሁን አለ፣ መጣ፣ ሄደ። ከ"አሉ" ወደ "አለ" ለመውረድ ስንት ቀን ይፈጃል? እኔን አንተ ለማለት ዓመት ነው የፈጀባት።

ምን እንዳለ ግን አልሰማሁም። ያቺ አንዷ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

አዲስ ማዳመጫ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መጣች። ጥቁር ሰማያዊ። የልብ፣ የሳንባ ማዳመጫ።

"ከየት?"

"የኔው ተበጠሰ። ዶክተሩ ትርፍ ነበረው፣ ሰጠኝ።"

ትርፍ። እኔ ትርፍ መፍቻ የለኝም፣ እሱ ለሰው የሚያድለው ማዳመጫ አለው። "ደስ ይላል" አልኳት። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ደረቴ ላይ አስጠግታ ልትሞክረው ስትል ሸሸሁ። ይቀዘቅዛል አልኩ።

ከአራት ዓመት በፊት በልደቷ ቀን ቦርሳ ገዝቼላት ነበር። የት እንደገባ እንኳ አላውቅም። ይሄን ግን ከአንገቷ አላወለቀችውም።

የካቲት 10፣ ሰኞ

የባንኩ ሕንፃ፣ የሊፍቱ ሞተር ክፍል። ወፍጮ ትክ ብሎ ሲያየኝ ቆየና...

"ያቺን ብሎን ተዋት፣ አንገቷን ልትቆርጣት ነው። ማን ላይ ነው የተናደድከው?"

"ማንም ላይ።"

"ቀንተሃል። እኔ ደግሞ ቀናተኛን በብሎን አጠባበቁ ነው የማውቀው።"

ሳቅኩ። ውስጤ ግን እርር ብሏል። ለካ ፊቴ ላይ ይነበባል? ለእሷስ?

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ትኩሳት። ራሴን ያዞረኛል። ደረቅ ሳል። አፍንጫዬም አላስቆም አላስቀምጥ አለኝ። ከሥራ በጊዜ ተመለስኩ።

ቅናት ያሳምማል እንዴ? ይመስለኛል። ከሰኞ ጀምሮ ምግብ አልወርድ ብሎኛል።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ብርሃን ማየት አቃተኝ። መጋረጃው ተዘግቶም ዓይኔ ያነባል። ይሄን የምጽፈው አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ነው።

ከሥራ እንደገባች ፊቴን አየችና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ትንሿን ባትሪ አወጣች። "አፍህን ክፈት።" ጉንጬን ከውስጥ ገልብጣ አየች።

"ምን አለ?"

"ነጫጭ ነገር አለ። ጨው የነሰነሱበት ይመስላል... በልጅነትህ ኩፍኝ ወጥቶብህ ነበር?"

"ይመስለኛል።"

"ይመስለኛል አይሠራም። እማዬን ጠይቃት።"

እናቴ ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ "አዎ እንጂ፣ ወጥቶብሃል" አለች። ትንሽ አሰበች። "ቆይ... ወንድምህ ነበር። አንተን እንዳይዝህ ብዬ አክስትህ ጋ ወሰድኩህ። ወር ሙሉ እዚያ ተቀምጠህ፣ ስመጣ ኩርፊያህ። ለእሱ ስታስቢ ለኔ አታስቢም አልከኝ። ስድስት ዓመትህ ነበር።"

ክትባትስ? አታስታውስም። ባለቤቴ ግን ተከትባለች፣ ሁለት ጊዜ። ስለዚህ አይዛትም። ከዚህ በኋላ ሰው እንዳይገባ፣ እኔም እንዳልወጣ ተባለ። ሊፍት ውስጥ የሳለብኝ ልጅ ትዝ አለኝ፤ ነገርኳት። በጣቷ ቀን ቆጠረች። "ልክ ነው" አለች።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ሽፍታው ከጆሮዬ ጀርባ ጀመረ። ከሰዓት በኋላ ፊቴን ሞላው። በመስታወት ያየሁት ሰው እኔ አይደለሁም። ይሄን ፊት ለሷ ማሳየት... እዚያ ደግሞ ንጹሕ ጋዋን ለብሶ የሚዞር ረጅም ሰው አለ።

ፈቃድ ወስዳ አጠገቤ ተቀምጣለች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቀኑን ሙሉ ለኔ ብቻ ናት። ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ እንዲህ አለችኝ፦

"ስማኝ። ሽፍታው ያስፈራል እንጂ እሱ አይደለም የሚገድለው። አዋቂ ላይ ኩፍኝ ሳንባ ይወዳል። ሽፍታው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ እየጠቆረ ይጠፋል። ትኩሳቱም አብሮት መውረድ አለበት። ሽፍታው እየሄደ ትኩሳቱ ከቀረ፣ ወይም ወርዶ ከተመለሰ፣ ትንፋሽህ ካጠረ፣ ጎንህን ከወጋህ... በዚያችው ደቂቃ ትነግረኛለህ። ሳንባህ ተነክቷል ማለት ነው።"

"ከየት አመጣሽው ይሄን ሁሉ?"

"ባለፈው ወር አንድ ሹፌር ተኝቶብን ነበር። ዶክተሩ ነው ያሳየኝ።"

ዶክተሩ። አልጋዬ ድረስ መጣ እንግዲህ።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ደረቴ፣ ሆዴ፣ ክንዴ። ሁሉም ቀይ። በየአራት ሰዓቱ ትለካኛለች። በዚያ ሰማያዊ ማዳመጫ ጀርባዬን ትሰማለች። "ተንፍስ... እንደገና..." እጇ የሷ ነው፣ ዕቃው የሱ። ሦስታችን ነን ክፍሉ ውስጥ።

አመሻሹ ላይ ስልኳ ጮኸ። ኮሪደር ወጥታ አወራች። ጆሮዬን ጥዬ ሰማሁ። "ሠላሳ ዘጠኝ... አይ፣ ትንፋሹ ደህና ነው... እሺ... አመሰግናለሁ፣ በጣም..." ያቺ "በጣም" ምን ፈልጋ መጣች?

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ትኩሳቱ ወረደ። ሠላሳ ሰባት ከሁለት። ፊቴ ላይ ያለው ቡናማ ሆኖ መርገፍ ጀምሯል። እሷ ፈነደቀች፣ ግንባሬን ሳመችኝ።

እኔን ደስ ያለኝ ሌላ ነው። ከእንግዲህ አይደውልም።

የካቲት 21፣ ዓርብ

ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ አለኝ፤ ከሠላሳ ዘጠኝ በላይ እንደሆነ ሳልለካ አወቅሁት። ሳሉም ተለውጧል፤ ከሥር የሚመጣ፣ የሚከብድ።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ልክ ያኔ "ዶክተሩ አንተን ለማየት እቤት መምጣት ይፈልጋል" አለች። "ለማንኛውም አንድ ጊዜ ደረቱን ሰምቼ ልሂድ ብሏል።"

አፌን ዘጋሁ።

እቤቴ? ሳሎኔ ውስጥ? በዚህ ፊቴ፣ በዚህ ፒጃማዬ፣ ተኝቼ ቀና ብዬ ላየው? እሷ በሩን ስትከፍትለት ልስማ?

"ትኩሳት የለኝም፣ ለምን ይደክማል" አልኩ። መለኪያውን ስትሰጠኝ ብብቴ ላይ በደንብ አልያዝኩትም። ክንዴን ከጎኔ አጣብቄ የያዝኩት አስመሰልኩ። ሠላሳ ስድስት ከስምንት። አመነችኝ።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

መታጠቢያ ቤቱ ከአልጋዬ ዘጠኝ እርምጃ ነው። አምስተኛው ላይ ግድግዳ ያዝኩ። ዘጠኝ ፎቅ በደረጃ መሣሪያ ተሸክሜ የምወጣ ሰው።

ዘዴ አገኘሁ። አጭር አጭር ማውራት። "አዎ።" "እሺ።" "ደህና ነኝ።" ረጅም ካወራሁ ትንፋሼ መሃል ላይ ይቆረጣል፣ ትሰማዋለች። ሳሉ ሲመጣ ቧንቧ እከፍታለሁ፤ ማዳመጫውን ስታነሳ ደግሞ ይቀዘቅዛል ብዬ እሸሻለሁ።

ቀኝ ጎኔን ይወጋኛል። ሳንባ ይሆን? እሷ የነገረችኝ አንድ በአንድ እየመጣ ነው። አንድ በአንድ እየደበቅኩ ነው። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ነገ እነግራታለሁ። ነገ ካልተሻለኝ።

የካቲት 23፣ እሑድ

ጋደም ማለት አልቻልኩም። ትራስ ደርድሬ ቁጭ ብያለሁ። "ጀርባዬን ደክሞኝ ነው" አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ኮሪደር ላይ ስታወራ ሰማሁ። እሱ ነው። ምን እንደምትል አልሰማሁም፤ የገዛ ትንፋሼ ጆሮዬን ሞልቶታል።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ጣቴ... ጥፍሬ ቀለሙ

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ደብተሩን ከልብሴ ጋር አምጥታልኛለች። "አልከፈትኩትም" አለች። አምናታለሁ። እሷ ዋሽታኝ አታውቅም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ሆስፒታል፣ አራተኛ ፎቅ፣ ለብቻ ያለ ክፍል። አፍንጫዬ ላይ የኦክስጅን ቱቦ አለ። እጄ መጻፍ ችሏል። የዚያችን ሰኞ ነገር ሳልረሳው ልጻፍ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነበር። ቁጭ እንዳልኩ አሸልቤያለሁ። ስነቃ አልጋው ግርጌ መጽሐፍ ከፍታ ተቀምጣለች። የምታነብ መስሎኝ ነበር። ዓይኗ መጽሐፉ ላይ አልነበረም፤ አንዴ ደረቴን፣ አንዴ የእጅ ሰዓቷን ታያለች።

"ሠላሳ አራት" አለች።

"ምኑ?"

"ትንፋሽህ። በደቂቃ። ሁለቴ ቆጠርኩ። ከሃያ ማለፍ የለበትም።" ተነስታ አጠገቤ መጣች። "በል፣ ሳታቋርጥ ከአንድ እስከ ሃያ ቁጠርልኝ።"

ልሸውዳት ሞከርኩ። ሰባት ላይ አለቀብኝ። ክንዴን ራሷ በጉልበቷ ይዛ መለኪያውን ብብቴ ሥር አስገባች፤ ሠላሳ ዘጠኝ ከአራት። ጣት ላይ የምትቆነጥጠውን የኦክስጅን መለኪያ አደረገችልኝ፤ ሰማንያ ስድስት። ቁጥሩን እንዳየች ፊቷ አመድ ሆነ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ዛሬ" አልኳት። እዚያም ላይ ዋሸሁ።

አምቡላንሱን ብዙ አላስታውሰውም። ሊፍቱን ግን አስታውሳለሁ። ራሴ የሠራሁት ሊፍት። ረጅሙ ዶክተር ከታች ተቀበለን። ሦስታችን ገባን፤ እኔ ቃሬዛ ላይ፣ እነሱ ግራና ቀኝ። እስከ አራተኛ ፎቅ አርባ ሰከንድ ነው፣ አውቀዋለሁ። አየር አጥሮኝ፣ ጥፍሬ ጠቁሮ፣ እኔ ምን እያየሁ ነበር? ዓይን ለዓይን ይተያዩ እንደሆነ። አልተያዩም። እሱ የኦክስጅኑን ሲሊንደር ቁጥር ያያል። እሷ ደረቴን። እጇ እጄን ጨብጧል፣ ግን እንደ ሚስት ሳይሆን የደም ሥሬን ትርታ እየቆጠረች።

ራጅ ተነሳሁ። ሁለቱም ሳንባዬ ከታች በኩል ደመና የለበሰ ይመስላል። "የሳንባ ምች" አለ እሱ። "ኩፍኙ ራሱ ሳንባውን ጎድቶታል፣ በዚያ ላይ ሌላ ተሕዋስ ገብቶበታል። ትኩሳቱ ተመልሶ የመጣው መቼ ነው?"

እሷ "ዛሬ" ልትል ነበር።

"ዓርብ" አልኩ።

 እሱ ጻፈ። እሷ አየችኝ... ያን አስተያየት እዚህ አልጽፈውም።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

የኦክስጅኑ መጠን ተቀነሰልኝ። ዘጠና ሦስት ላይ ነኝ። መርፌው ግን ክንዴን አበጥ አድርጎታል።

ዛሬ እሷ መድኃኒት ልታመጣ ስትወጣ ረጅሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ተቀምጦ ያን ያህል ረጅም አይደለም።

"አንድ ነገር ልንገርህ" አለኝ። "እሑድ ደውላልኝ ነበር። መለኪያው ትኩሳት የለም ይላል፣ እሱም ደህና ነኝ ይላል፣ ግን ሲተነፍስ ትከሻው አብሮ ይነሳል አለችኝ። ትኩሳት ከሌለ ድካም ነው፣ አትጨነቂ አልኳት። ተሳስቼ ነበር። መጥቼ ማየት ነበረብኝ። ደግነቱ አልሰማችኝም።"

"አልሰማችህም?" ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አንተ አልኩት።

"አልሰማችኝም። ቁጭ ብላ ቆጠረች። አንድ ቀን ብትቆይ ኖሮ..." አልጨረሰውም። "ስልጠናው ላይ ስሟን ሳስገባ አንዳንዶች ለምን እሷ ብለው ነበር። አሁን ማንም አይጠይቀኝም።"

ምን ስልጠና?

እንደማውቅ ሆኜ ራሴን ነቀነቅሁ። ውስጤ ግን እንደገና ነደደ። አልጋ ላይ ተኝቶም ይነድዳል ለካ። ስትመለስ ጠየቅኳት።

"ሦስት ወር ነው። የሳንባ በሽተኞች እንክብካቤ። ሌላ ከተማ። እሱም የመጀመሪያውን ወር እዚያ ያስተምራል።" የአልጋ ልብሱን ጠርዝ እያጠፈች ነው የምታወራው። "ከጥር ጀምሮ ልነግርህ ፈልጌ ነበር። ስሙን ባነሳሁ ቁጥር ፊትህ ይጠቁራል። እንዴት አድርጌ ልንገርህ?"

ስለዚህ ታውቅ ነበር።

"እኔም ለዚያው ነው" አልኳት። "ትኩሳቱን። እቤት እንዳይመጣ ብዬ።"

ታቅፈኛለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት? እንጃ። ቀስ ብላ ተነሳች።

"ለዚህ ነው ልትሞትብኝ የነበረው?" አለች። "እሱ የሳሎናችንን ወንበር እንዳያይ?"

ወጣች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሰች፣ ትኩሳቴን ለካች፣ ጻፈች፣ ሄደች።  ዓይኗ አብጧል።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ወጣሁ። ደረጃችን አሥራ ስምንት ነው፤ ሁለቴ አረፍኩ። እሷ ሁለት ደረጃ ቀድማኝ እየቆመች ጠበቀችኝ። አልደገፈችኝም፣ አልተወችኝምም።

ቤት ገብተን ሻንጣውን ስታስቀምጥ "ሂጂ" አልኳት።

"ወዴት?"

"ስልጠናው።"

"ፈቃድህን እየሰጠኸኝ ነው?"

"አይ... ፈቃድ አይደለም። እየቀናሁ ነው ሂጂ የምልሽ። እቀናለሁ። በእሱ። እዚያ ከሄድሽም እቀናለሁ። ግን ሂጂ።"

አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ይሄን ቃል ከአፌ አውጥቼ አላውቅም። ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ኩፍኝ የተመለሰብኝ መሰለኝ።

ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ከሆስፒታል ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየችኝ። "በእሱና በኔ መካከል ምንም የለም" አለች። "ግን አንድ ነገር ልንገርህ። እሱ ምን አየሽ፣ ምን ይመስልሻል ብሎ ይጠይቀኛል። ደስ ይለኛል ስጠየቅ። አንተ ጠይቀኸኝ አታውቅም።"

እውነቷን ነው። 

መጋቢት 21፣ እሑድ

ሸኘኋት። የአውቶቡሱ መስኮት ስለማይከፈት የሆነ ነገር በምልክት ልትነግረኝ ሞከረች፤ አልገባኝም። ኋላ ደውላ "መድኃኒትህን ጨርስ ነው ያልኩህ" አለች።

ቤቱ ፀጥ ብሏል። ረጅሙ ትናንት ነው የሄደው ይባላል። ደርሷል እንግዲህ።

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ

ሥራ ከጀመርኩ ሳምንት ሆነኝ። ዛሬ የባንኩን ሕንፃ ስንወጣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መሣሪያውን አስቀመጥኩ። "ቆይ፣ ትንፋሽ አጠረኝ" አልኩት ወፍጮን። አላሾፈም። ቦርሳዬን ተሸከመልኝ፤ እስከ ዘጠነኛ ፎቅ ድረስ ግን ስለ አማቱ ሲያወራ ትንፋሽ አላጠረውም።

ከሥራ እንደገባሁ ደወልኩላት።

"ዛሬ ማንን አየሽ?" አልኳት።

 ጥያቄውን አልለመደችውም። ከዚያ ጀመረች። አንዲት መምህርት ናት፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ኩፍኝ ከተማሪዎቿ ነው የያዛት። ሽፍታዋ ጠፍቷል፣ ቤተሰቧ ድናለች ብለው ልብሷን ሸክፈው ሊወስዷት መጥተዋል። እሷም "ደህና ነኝ" ትላለች።

"ትንፋሿን ቆጠርሽው?"

"ቆጠርኩ። ሠላሳ ሁለት። ደረቷን ሰማሁት፣ በቀኝ በኩል ይንጫጫል። ልብሷን መልሼ አስቀመጥኩ፣ ኦክስጅን አስጀመርኩላት፣ ከዚያ ነው ዶክተሩን የጠራሁት። በሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ነበር ለካ። ምንም ሳይለኝ ራጁን አዘዘ። ሳንባ ምች ነው።"

ድምጿ ከፍ ብሏል። ኩራት አለበት። እኔም ኮራሁባት፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ግን ያው ነገር ደግሞ ከሥር ጫር አደረገኝ።

"ቀናሁ" አልኳት።

"ደግሞ በምኑ?"

"በሩ ላይ ቆሞ አይቶሻል። እኔ ስትሠሪ አይቼሽ አላውቅም። በሽተኛሽ ሆኜ እንኳ የማየው እሱን ነበር።"

 የዘጋችው መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

"ቅዳሜ ተረኛ ነኝ" አለች በመጨረሻ። "ና። ኮሪደሩ ላይ ወንበር አለ።"

አለቃዬን የቅዳሜ ፈቃድ ጠይቄዋለሁ። ፈቅዶልኛል።